እናቴ ያልታየችበት የሰርግ ካሴት

ቡታጅራ መናኸሪያ አጠገብ ካሴት ወደ ፍላሽ የሚገለብጥ ልጅ አለ ብለው ጠቁመውኝ፣ ባለፈው ወር ከእናቴ ሳጥን ስር አንድ ጥቁር የቪዲዮ ካሴት አውጥቼ፣ አቧራውን በሻርፔ ጠርጌ ወሰድኩለት። ልጁ ካሴቱን እያገላበጠ አየውና "እትዬ፣ ይሄ ነገር በዕድሜ ከእኔ ይበልጣል" አለኝ። እውነቱን ነው። የታላቅ እህቴ የዘሀራ ሰርግ ሲቀረጽ እሱ አልተወለደም። እኔ የአስር ዓመት ልጅ፣ የአራተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ያን ቀን እንደ እኔ የተንቀዠቀዠ ፍጡር በመስቃን ምድር አልነበረም። ሙሽራዋ እንኳን ቁጭ ብላ ነው የዋለችው።

የእኔ ዘመን ልጆች አትረሱትም። ደርግ ወድቆ፣ ሰው ወደ ዓረብ አገር መውጣት የለመደበት፣ ጎረቤት ሁሉ አንድ ቴሌቪዥን ላይ የሚሰበሰብበት ጊዜ ነበር። ቡታጅራ ውስጥ ቪዲዮ የሌለው ሰርግ ቅቤ እንዳልነካው ክትፎ ይቆጠር ጀምሯል። ሰው ለሰርግ ሲጠራ "መቼ ነው?" ከማለቱ በፊት "ደምሴ ይመጣል ወይ?" ብሎ ይጠይቅ ነበር።

ጋሽ ደምሴ ከሰሜን በአስተማሪነት ተመድቦ መጥቶ፣ በኋላ ጠመኔውን ጥሎ ፎቶ ቤት የከፈተ ሰው ነው። ትከሻው ላይ የሚያስቀምጣት ካሜራ ለዓይን እንኳን ትከብድ ነበር። እስከ ወልቂጤ ድረስ ይጠሩታል። መብራቱን የምትይዝለት ሚስቱ እትዬ አልማዝ ናት። ረጅም፣ ጉልበተኛ፣ ድምፀ ጎርናና ሴት ነበረች። ከመብራቱ ግድግዳው ላይ እስካለው ሶኬት የሚዘረጋ ገመድ ነበራት፣ ቀኑን ሙሉ "ገመዱን፣ ገመዱን አትርገጡ" ስትል ትውላለች። በየሰርጉ ካሴት ላይ ከዘፈኑ ይልቅ የእሷ "ገመዱን" ነው ጎልቶ የሚሰማው። ከዚያ በኋላ እኛ ልጆች ሰርግ ሰርግ ስንጫወት አንዷ ሙሽራ፣ አንዷ ካሜራ፣ አንዷ ደግሞ "ገመዱን" ባይ እንሆን ነበር።

ለእኛ ሰርግ ጋሽ ደምሴ ይያዝ ያለው ጅዳ ያለው ታላቅ ወንድሜ ከድር ነው። ከድር ከቤት ሲወጣ እኔ ገና ሁለት ዓመቴ ስለነበር ለእኔ ከደብዳቤና ከሽቶ ካርቶን የሚወጣ ስም ነበር። ስምንት ዓመት ሙሉ አልመጣም። የመኖሪያ ወረቀት ስላልነበረው ከወጣ ተመልሶ አይገባም። አልፎ አልፎ ቴሌ ይደውልና መልእክተኛ ቤታችን ድረስ ቁራጭ ወረቀት ይዞ ይመጣል፤ እኛም ነጠላችንን አጣፍተን ተሰልፈን እንሄዳለን። አባቴ ይነጋገራል። እናቴ ግን ስልኩን ስትይዝ አንድ ቃል አይወጣትም፣ ማልቀስ ብቻ። ስምንት ዓመት ሙሉ ከድር ከእናቱ የሰማው ሳግ ነው።

ከሰርጉ ሦስት ሳምንት በፊት በደወለ ጊዜ እናቴ እንደ ልማዷ አልቅሳ ስልኩን ለእኔ ሰጠችኝና ዓይኗን ልትጠርግ ወጣች። አባቴም ተከትሏት ወጣ።

"ሙኒራ፣ ብቻሽን ነሽ?" አለኝ ከድር።

"አዎ። ውጪ ናቸው።"

"ስሚኝ። ቪዲዮውን ያዘዝኩት ለዘሀራ ብዬ አይደለም። እማን ለማየት ነው። ፊቷ እየጠፋብኝ ነው። ዓይኔን ስጨፍን ሻሿ ይመጣል፣ እጇ ይመጣል፣ ፊቷ እምቢ ይለኛል።"

"ልንገራት?"

"እንዳትነግሪያት። ልጄ ፊቴን ረሳኝ ብላ በሐዘን ትሞትብኛለች። አንቺ ብቻ ካሜራው ፊት አቁሚልኝ። ቃል ግቢልኝ።"

"ወላሂ" አልኩት። የአስር ዓመት ልጅ ወላሂ ማለት ምን ያህል እንደሚከብድ የሚገባት ካለች በኋላ ነው። ከቴሌ ስንወጣ እናቴ "ምን አለሽ?" ብትለኝ "በትምህርትሽ በርቺ አለኝ" ብዬ ዋሸሁ።

ፎቶ አንስታችሁ ብትልኩለትስ ትሉ ይሆናል። እናቴን ስለማታውቋት ነው። ከድር በየደብዳቤው ፎቶ ሲለምን እሷ በርበሬና የተነጠረ ቅቤ ትልክለታለች። "ፎቶ ለለቅሶ ነው የሚሆነው፣ እኔ በሕይወት አለሁ" ትላለች። በዕድሜዋ አንዴ ለቀበሌ መታወቂያ ተነስታ ነበር፤ እሱም ላይ ዓይኗን ጨፍናለች።

የሰርጉ ቀን ቤታችን ገና ከማለዳው ቅቤና ኮረሪማ ሸተተ። ጓሮ ሴቶቹ ቆጮ ይቆርጣሉ፣ ደጅ ዳሱ ውስጥ ሽማግሌዎቹ ተደርድረዋል። ጋሽ ደምሴና እትዬ አልማዝ ከነገመዳቸው ደረሱ። እኔ ነገሩ ቀላል መስሎኝ ነበር። ካሜራው አለ፣ እናቴም አለች፣ ሁለቱን ማገናኘት ነው። ግን ካሜራው ዳስ ሲሆን እናቴ ጓሮ ናት፤ ካሜራው ጓሮ ሲመጣ እናቴ ጎረቤት ሰሃን ልትበደር ሄዳለች። እኔ በመሀል እንደ ሸማኔ መወርወሪያ ወዲያና ወዲህ። አዲሱ ቀሚሴ እስከ ምሳ ሰዓት ጭቃና ቅቤ ሆኖ አለቀ።

ጋሽ ደምሴን ሸሚዙን ይዤ "እናቴን አንሳት" ስለው "ቆይ ልጄ፣ ኒካው ይታሰር" አለኝ። ኒካው ሲያበቃ "ቆይ፣ ምግቡን ላንሳ" አለኝ። ምግቡን ሲያነሳ እያንዳንዱን ክትፎ እንደ ዘመድ ቀርቦ ነው የሚያየው። በመጨረሻ ትዕግስቴ አለቀና ወደ ጓሮ ሮጬ "እማ፣ አክስትሽ ዳስ ትጠራሻለች" ብዬ ዋሸኋት። እናቴ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች መጣች። የዳሱን መጋረጃ ገለጥ ስታደርግ ያ መብራት ግንባሯ ላይ አረፈ። ሻሿን እስከ አገጯ ጎትታ፣ ዞራ፣ እንደ መጣች ሄደች። ካሜራው ያገኘው ጀርባዋን ነው። እሱንም እትዬ አልማዝ በመሀል አልፋ ግማሹን ሸፍናዋለች።

ተከትያት ጓሮ ገባሁ። "እማ፣ ለምን ትሸሺያለሽ?"

"ካሴቱ ማን ቤት ነው የሚገባው?" አለችኝ።

"ሙሽራው ቤት።"

"እና ሙሽራው ከነጓደኞቹ ቁጭ ብሎ ፊቴን ይይ?"

ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ። በእኛ ዘንድ አማትና አማች ይተፋፈራሉ። የእንሴኖው የበርበሬ ነጋዴ፣ የዘሀራ ባል፣ ከዚያን ቀን ጀምሮ እናቴ የምትሸሸው ሰው ሆኗል፤ መንገድ ላይ ብታገኘው አጥር ዞራ ታልፋለች። ካሜራውን ደግሞ እሱ የላከው ዓይን አድርጋ ቆጥራዋለች።

"እማ፣ ካሜራ እኮ ዕቃ ነው" አልኳት።

"ዓይን ዓይን ነው" አለችና ጎመኗን ማማሰል ቀጠለች።

ለከድር ነው ብላት በአንዴ ትቆምልኝ ነበር፤ ጥያቄ የለውም። ግን ለምን ብላ ትጠይቀኛለች፣ ስትጠይቀኝ እኔ ዓይኗን እያየሁ መዋሸት አልችልም፣ ያን ነገር ደግሞ ወላሂ ብያለሁ። ምላሴን ነክሼ ቆምኩ። እስከ ዛሬ ድረስ ምስጢር የሚያዋየኝ ሰው አልወድም፤ ከዚያ ቀን የተረፈኝ ጠባይ ይመስለኛል።

ከቀትር በኋላ ከእንሴኖ የመጡት መኪኖች ጡሩምባቸውን እየነፉ ሰፈሩን ሞሉት። ሚዜዎቹ ገቡ፣ ድቤው ተመታ፣ አባቴና ሽማግሌዎቹ ዘሀራን መረቁ። ቀኑ እያለቀብኝ ነበር። ሰው እየተጋፋሁ እትዬ አልማዝ ጋ ደረስኩና ቀሚሷን ይዤ፣ መሐላዬን አፍርሼ፣ ሁሉንም ጆሮዋ ላይ አፈሰስኩት። መብራቷን ዝቅ አድርጋ አየችኝ።

"ጅዳ ያለው ነው?"

"አዎ።"

"አንቺ ልጅ፣ ጠዋት አትነግሪኝም ነበር?" አለችና ባሏን በክርኗ ጎሸመችው።

ሙሽራ ከቤት ከመውጣቷ በፊት ከእናቷ ጋር ጓዳ ገብታ መሰናበቷ አይቀርም። ጓዳው ወንድ የማይገባበት፣ መስኮት የሌለው፣ በቀትርም መብራት የሚበራበት ክፍል ነው። ዘሀራ ገባች። እትዬ አልማዝ መብራቷን ይዛ ተከተለቻት፤ ጋሽ ደምሴ ከደጃፉ ሳያልፍ ካሜራውን ወደ ውስጥ አቀና። እኔ በእግሮቹ መሀል ሾልኬ ገባሁ። እናቴ ያን ብርሃን ስታይ ሻሿን ፊቷ ላይ ጣለች፣ ወደ ግድግዳው ዞረች፣ ከጤፍ ጆንያዎቹ ኋላ ተቀመጠች። "እማ" ትላለች ዘሀራ እያለቀሰች። "እማ ዙሪ" እላለሁ እኔ እየለመንኩ። "እናት፣ አንዴ ብቻ" ትላለች እትዬ አልማዝ። እናቴ ግድግዳዋን አቅፋ "አውጡልኝ" ትላለች።

ድርግም አለ። ከውጭ ሕዝቡ "መብራት ሄደ" ሲል ይሰማል። ደጃፉን ጋሽ ደምሴ ደፍኖት ነበርና የራሴን እጅ ማየት አቃተኝ። እኔ ግን ካሜራው እንደ ራዲዮ በመብራት ነው የሚሠራው ብዬ ስለማስብ፣ ሁሉም ነገር እዚያው ያበቃ መሰለኝ።

"ሞተ?" አለች እናቴ ከጆንያዎቹ ኋላ።

"ሞተ፣ እማ" አልኳት። ለእኔ የሞተው ሌላ ነገር ነበር።

ከዚያ በኋላ እናቴ ተነስታ መጣች። የቀሚሷን ኮሽታ፣ ከዚያም ዘሀራን ስታቅፋት ሁለቱም ሲንሰቀሰቁ ሰማሁ። ከዚያ መናገር ጀመረች። በእኛ ቋንቋ ነው የተናገረችው፣ በአማርኛ ስመልሰው ግማሹ ይቀራል። "ውለጂ፣ ክበጂ። የገባሽበት ቤት ይሙላ። ክፉ ዓይን አይይሽ" አለቻት። ቀጥላ ደግሞ፣ ማናችንም ሳንጠይቃት፣ እንዲህ አለች። "ከድሬ፣ አንተ ከሁሉ ሩቅ ያለኸው፣ አላህ እግርህን ወደ ቤቴ ይመልሰው። ያንተን ሰርግ ሳላይ አይውሰደኝ። አሚን በሉ።" ዘሀራ አሚን አለች። እኔም አልኩ። ከደጃፉ በኩል አንድ የወንድ ድምፅ ቀስ ብሎ አሜን አለ፤ ጋሽ ደምሴ ነበር። እናቴ የወንድ ድምፅ ስትሰማ ሻሿን ፈልጋ ስትከናነብ መብራቱ ተመልሶ መጣ።

መኪኖቹ ሙሽራዋን ይዘው ሲሄዱ እኔ ዳሱ ምሰሶ ስር ተቀምጬ ነፍሴ እስኪወጣ አለቀስኩ። አክስቴ መጥታ "አይዞሽ፣ እህትሽ የሄደችው እንሴኖ ነው፣ ጅዳ አይደለም" ስትለኝ ባሰብኝ። ቃሌን በልቻለሁ። መሐላዬንም አፍርሻለሁ። ጋሽ ደምሴ ገመዱን ሲጠቀልል አየኝና አጠገቤ ቁጢጥ አለ። አልማዝ ነግራዋለች።

"ካሜራዋ በባትሪ ነው የምትሠራው" አለኝ። "መብራት የሚያስፈልገው ለዓይኗ ነው። ጆሮዋ ክፍት ነበር።"

እኔ ግን ፊት ነበር ቃል የገባሁት፤ ጆሮ ምን ያደርግልኛል?

ካሴቱ ከሁለት ወር በኋላ መጣ። የሙሽራው ቤት የገባው አዲስ አበባ ተልኮ የጽጌረዳና የልብ ሥዕል የተረጨበት ነው፤ ጨለማው ከእሱ ላይ ወጥቷል። ለእኛ ጋሽ ደምሴ ምንም ያልተነካውን ሰጠን፣ ግልባጩንም ለከድር። ጎረቤት ተሰብስቦ ሲታይ እኔ የሌለሁበት ቦታ የለም። ኒካው ላይ ከኋላ እሮጣለሁ፣ ክትፎው ላይ ከካሜራው ስር ብቅ የምትለው እጅ የእኔ ናት፣ ሽማግሌዎቹ ሲመርቁ በመሀላቸው አንገቴን አስግጌ ጓሮ ጓሮ አያለሁ። ሰው ሁሉ በሳቅ ሞተ። ጨለማው ሲመጣ "አሳልፉት፣ ባዶ ነው" አሉ። ድምፁ ሲጀምር ግን ቤቱ ጸጥ አለ። እናቴ የራሷን ድምፅ ስትሰማ ወደ ጓሮ ወጣች።

የከድር ግልባጭ በአንድ የሐጅ ተጓዥ ሻንጣ ተጉዞ ጅዳ ገባ። የቴሌ ወረቀት በመጣ ቀን ሆዴን አመመኝ ብዬ ልቀር ነበር፣ አባቴ ጎትቶ ወሰደኝ። ስልኩን ስይዝ "ከድሬ፣ አልቻልኩም" አልኩት።

"ስሜን ስትጠራ ሰማኋት" አለኝ። "ድምፅዋ ሲመጣ ፊቷ ራሱ ተከትሎ መጣ። አንቺ ምንም አላጠፋሽም።"

ያንን ስሰማ የቴሌው ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ ሳቅሁ።

ከድር ከዓመታት በኋላ ወረቀት አግኝቶ አንዴ መጣ፤ እናቴ በሩ ላይ አንገቱን ይዛ ግማሽ ቀን አልለቀቀችውም። ሰርጉንም አየች። ከዚያ ኑሮው ጠራውና ተመልሶ ሄደ። አሁን ልጆቹ ለአቅመ አዳም ደርሰዋል።

አሁንማ ካሜራ የሌለው ማን አለ። የዘሀራ ልጆች የበሉትን ሁሉ ያነሳሉ። ባለፈው የተዳረችው የእህቴ ልጅ ሰርግ ላይ ከላይ እንደ ንብ የምትበር ካሜራ ነበረች፤ ገመድ የላት፣ "አትርገጡ" የሚል የላት። ጋሽ ደምሴ ካረፈ ቆይቷል፤ እትዬ አልማዝ ፎቶ ቤቱን ለልጇ ትታ ቤተክርስቲያን ስትመላለስ አያታለሁ። አንድ ፊት ለማስቀረጽ ቀኑን ሙሉ የሮጥኩበትን ዘመን ለልጆቼ ስነግራቸው ተረት ይመስላቸዋል።

ከድር በየጁምዓው በስልክ ይደውላል፣ ፊት ለፊት እየታየ። ክፉው ነገር፣ እናቴ መርሳት ከጀመራት ሦስተኛ ዓመቷ ነው። መጀመሪያ የገበያ ቀን ጠፋባት፣ ቀጥሎ የእኛ ስም። አሁን ከድር ስልኩ ላይ ብቅ ሲል "ማነው ይሄ ሰውዬ?" ትለኝና፣ የማታውቀው ወንድ ነውና፣ ምናልባት አማችም እንዳይሆን፣ ሻሿን ፊቷ ላይ ትጥላለች። "ከድር ነው፣ ልጅሽ" ብላት "አሰላሙ ዓለይኩም" ትለዋለች ከሻሹ ኋላ፣ በትህትና፣ እንደ እንግዳ። እሱ ይስቅላታል። ስልኩ ሲዘጋ ምን እንደሚያደርግ አላውቅም። ካሴቱን ያስታወሰኝ እሱ ነው። የእሱ ግልባጭ ጨለማው ላይ ሲመላለስ ተበጥሷል።

መናኸሪያው አጠገብ ያለው ልጅ ኮምፒውተሩ ላይ ወደ ፊት እያሮጠ አየው። "እትዬ፣ እዚህ ጋ አራት ደቂቃ ያህል ጥቁር ነው፣ ምንም የለውም። ቆርጬ ላውጣልሽ?" አለኝ።

"ሌላውን ቁረጥ" አልኩት። "እሱን እንዳትነካ።"

ባለፈው ጁምዓ ከድር ሲደውል ስልኩን እናቴ ፊት ለፊት ትራስ ላይ አስደገፍኩት። እንደ ሁልጊዜው ሻሿን ጣለች። እኔ ምንም ሳልል ፍላሹን ቴሌቪዥኑ ላይ ሰክቼ ጨለማውን ከፈትኩት። ጥቁር ሆነ። የቀሚስ ኮሽታ፣ የሁለት ሴት ለቅሶ፣ ከዚያም ድምፅዋ፣ ሙሉ ጉልበት ያለው የዚያን ዘመን ድምፅዋ፣ ውለጂ ክበጂ እያለ ቤቱን ሞላው። እናቴ ማዳመጥ ጀመረች። ሻሹ ጆሮዋን ሸፍኖባት ነበርና ገፋ አደረገችው። "ከድሬ፣ አንተ ከሁሉ ሩቅ ያለኸው" ሲል ደግሞ ደህና ልትሰማ ብላ ከነአካቴው ከራሷ ላይ አወለቀችው። አሚን በሉ ሲል እኔ አፌን ከመክፈቴ በፊት እናቴ "አሚን" አለች።

ስልኩ ላይ ከድር ጠጋ አለ። ፊቷን እያየ ነበር።